ቢጭኑት አህያ፣ ቢለጉሙት ፈረስ

«ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ።» በደቡብ ጎንደሯ ወገዳ ይህን ተረት የሚያስረዳ መምህር አያስፈልግም። ዝናቡ ሲከዳ ወይም መሬቱ ለልጆች ሳይዳረስ ሲቀር የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ጎልማሳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ቆላ ይወርዳል። የሰው ሰሊጥ ያርማል፣ ያጭዳል፣ ሜዳ ላይ ያድራል። ወባና ካላዛር ይዞ የተመለሰም ብዙ ነው። በመንደሩ «የእገሌ ልጅ» ተብሎ ከፍ ካለ መደብ ላይ የሚቀመጥ ሰው፣ እዚያ የሚለካው በቀን በሚያጭደው ብቻ ነው።

የአህያው ነገር እንግዲህ ግልጽ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ፈረሱ ነው። ፈረስ በአገራችን የክብር ከብት ነው፤ ለጥምቀት ጉግስ ያጌጣል፣ ይዘፈንለታል። ልጓም ከገባለት በኋላ ግን የሚሮጠው ጋላቢው ወደ ፈለገው ነው። ስለዚህ ተረቱ ስለ ውርደት ብቻ አልተናገረም። ስደተኛ ቢከበርም፣ ቢሸለምም፣ ራሱን አያዝዝም እያለ ነው። ፈረሱ ሯጭ ነውና ይህን ከባድ ቃል ከስደተኛ ሯጮች ሕይወት ጋር ማስተያየት ይገባል።

አርሲ የተወለደችው ዘነበች ቶላ ከአገር ወጥታ ስዊዘርላንድ ጥገኝነት ጠየቀች፤ ሎዛን ከተማም ኖረች። የሚያሮጣትን አገር ብትፈልግ ብትፈልግ፣ በመጨረሻ ዜግነት የሰጠቻት ባህሬን ሆነች። ማርያም ዩሱፍ ጀማል በሚል ስም በ1500 ሜትር እ.ኤ.አ. በ2007 ኦሳካ፣ በ2009 በርሊን ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። በ2012 የለንደን ኦሎምፒክ ከፊቷ የገቡት በአበረታች መድኃኒት ሲሰረዙ ወርቁ ለእሷ ተላለፈ። ያ ሁሉ ፍጥነት ባይኖራት ኖሮ ፓስፖርቱ ይመጣ ነበር? አይመስለኝም። ተረቱ እዚህ ላይ ልክ ነው፤ ጥፋቱ ግን የእሷ አይደለም። ስንት ደጅ ጠንታ የተከፈተላትን በር ገባች።

ዮናስ ክንዴ ጋ ስንደርስ ተረቱ መንገዳገድ ይጀምራል። ዮናስ ከኢትዮጵያ ወጥቶ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ሉክሰምበርግ ኖረ፤ በ2013 የስደተኛ ጥበቃ ተሰጠው። ታክሲ እየነዳ፣ ፈረንሳይኛ እየተማረ ይለማመድ ነበር። በጥቅምት 2015 የፍራንክፈርት ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ከ31 ሰከንድ ጨረሰ። የአገሩ ዜጋ ስላልሆነ ግን በሉክሰምበርግ ባንዲራ ኦሎምፒክ መሮጥ አይችልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የመጀመሪያው የስደተኞች የኦሎምፒክ ቡድን ሲቋቋም ከ10ሩ አትሌቶች አንዱ እሱ ሆነ፤ ከኢትዮጵያ የሄደ ሌላ አልነበረበትም። 36 ዓመቱ ነበር። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 21 ቀን በሪዮ ጎዳና ላይ 2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ሮጦ 90ኛ ወጣ። አሸናፊው ኤሊዩድ ኪፕቾጌ የገባው በ2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ከ44 ሰከንድ ነው።

90ኛ የወጣን ሯጭ ማንም አይጋልበውም። ሜዳልያ አላመጣም፣ የማንንም አገር ስም አላስጠራም። ቢሆንም የሚኖርበት አገር ወረቀት ሰጠው፣ አሠልጣኝ አሠለጠነው፣ የኦሎምፒክ ኮሚቴ ወጪውን ሸፍኖ አስጓዘው። ይህ ሁሉ የተደረገው ያለ ልጓም ነው። ሩጫው ብቻውን አዳነው እንዳንልም እንጠንቀቅ። መጀመሪያ ጥበቃው መጣ፣ ከዚያ እንጀራው፣ ፍራንክፈርት የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው።

በዚያው ቀን፣ በዚያው ውድድር ኢትዮጵያዊው ፈይሳ ሌሊሳ ሁለተኛ ወጣ። በኦሮሚያ የሚፈጸመውን ግድያ በመቃወም እጆቹን አጣምሮ መስመሩን አለፈ፤ ከዚያም እስከ ጥቅምት 2018 እ.ኤ.አ. ድረስ አገሩን አላየም። አንዱ አገር አጥቶ ወደ ሩጫው ገባ፤ ሌላው ሩጫው ሲያልቅ አገሩን አጣ። ፈይሳ ተመልሷል። የተረቱ ትልቁ ጉድለት የሚታየኝ እዚህ ጋ ነው፤ ስደትን «እስኪመለስ» ድረስ የሚቆይ የመጠባበቂያ ጊዜ ያደርገዋል። ለብዙው ስደተኛ የመመለሻው ቀን አይታወቅም። ሕይወቱን መልሶ መሥራት ያለበት ዛሬ፣ ያለበት ቦታ ላይ ነው። ስፖርት የሚረዳውም ለዚህ ይመስለኛል፤ ልምምድ ነገ አገር ስገባ እጀምረዋለሁ የሚሉት ነገር አይደለም።

የወገዳ አካባቢ ግን ለተረቱ የቆየ የራሱ መልስ አለው። ጋይንት የሚገኘው ቤተልሔም የቤተ ክርስቲያን ዜማ የሆነው የድጓ ምስክር ቤት ነው። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋ ልጆች ደበሎ ለብሰው ለትምህርት ይመጣሉ። «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ በየደጁ ይቆማሉ፤ ውሻ ያባርራቸዋል፣ ይርባቸዋል። የጋይንት ገበሬ ግን ለልጆቹ ያልተረፈውን ቁራሽ ሲያካፍላቸው ኖሯል። ምን ትሸከምልኛለህ ብሎ አልጠየቃቸውም። እነሱም ካገራቸው ወጥተው፣ ገና ሳይመለሱ፣ መሪጌታ ሆኑ። የሚያጎርስ እጅ ነበር፤ የሚሄዱበት የራሳቸው ጉዳይም ነበር።

ተረቱ የጫኙንና የለጓሚውን ስም አይጠራም። እኔ ልጥራው፤ ባለአገሩ ነው፣ እኛ ነን። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ንፋስ መውጫ ሲደርስ የጋይንት ሰው ልጁን አዝሎ ወደ ደብረ ታቦር ተሰዷል፤ ማደሪያ ማጣትን ያውቀዋል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በዚሁ በአማራ ክልል፣ ከሱዳን ጦርነት ሸሽተው አውላላ መጠለያ የገቡ ሰዎች ጥቃትና ዝርፊያ ሲበዛባቸው ጣቢያውን ለቀው ጫካና መንገድ ዳር ተቀመጡ። እነሱን ያየ ሰው ተረቱ አርጅቷል ሊል አይችልም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ በአካባቢህ ተፈናቃይ ወይም ስደተኛ ወጣት ካለ የሰፈሩ ቡድን ውስጥ አስገባው፤ ለጠዋት ሩጫ ስትወጣ ጥራው። ማደሪያ ከሌለው ግን አስቀድመህ ከጎረቤቶችህ ጋር መክረህ ማደሪያ ፈልግለት።