ለሽማግሌ ማን ሽማግሌ ይሁነው?

ከጣርማ በር ብርድ ተነሥቶ፥ ደብረ ሲናን አልፎ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መንገደኛ ብዙም ሳይቆይ ካባውን ከትከሻው ያወርዳል። በይፋት ቆላ፥ ማሽላና ማሾ በሚበቅልበት በዚያ ሐሩር አገር፥ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነገር የሚሰሙ ሽማግሎችን ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። የድንበር ክርክር፥ የባልና የሚስት ጠብ፥ የደም ነገር ሳይቀር እነርሱ ዘንድ ይቀርባል። አማራው፥ አርጎባው፥ ኦሮሞውና አፋሩ ተጎራብተው በሚኖሩበት በዚህ አገር፥ ግጦሽና ውሃ ሰውን ባጣላ ቁጥር ዕርቅ የሚፈለገው ከሽበት ነው።

ቋንቋችንም ይህን ያውቃል። ሽማግሌ ስንል ዕድሜው የገፋውን ሰው ማለታችን ነው፤ ሽማግሌ ስንል ደግሞ በሁለት ባለጋራዎች መካከል ገብቶ የሚያስታርቀውን ማለታችን ነው። እንግዲህ የምንጠይቀው ይህን ነው፤ ዘመኑን ሁሉ የሰው ነገር ሲያይ የኖረ ሽማግሌ የራሱ ነገር በመጣ ጊዜ ማን ሽማግሌ ይሁነው?

የራሱ ነገር ምን እንደ ሆነ ለመረዳት ሁለት ጎረቤታሞችን እናስብ። አንደኛው በመንግሥት መሥሪያ ቤት 30 ዓመት አገልግሎ፥ 60 ዓመት ሲሞላው ጡረታ ወጣ። ሁለተኛው ከዚያ ለሚበልጥ ዘመን ሞፈርና ቀንበር ተሸክሞ አረሰ፤ ግብርም ከፈለ። የሁለቱም ጉልበት እኩል ደከመ። ነገር ግን አንደኛው በየወሩ የተወሰነለትን ገንዘብ ሲቀበል፥ ሁለተኛው የልጁን እጅ ይጠብቃል። ልጁ ግን ወይ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ሄዷል፥ ወይ ባሕር ተሻግሮ ዓረብ አገር ገብቷል። የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 የወጣው በ1955 ዓ.ም. ነው፤ የግል ድርጅት ሠራተኞችም በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 715 ይኸው ዕድል ደረሳቸው። በደመወዝ ላይ የተመሠረተ ጡረታ ግን ደመወዝ የሌለውን ገበሬ አይደርሰውም።

አንዳንዶች፥ «ወላጅን መጦር የልጅ ዕዳ ነው፤ መንግሥትን በዚህ መካከል ምን አገባው?» ይሉናል። ይህን አነጋገር አንንቀውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ልጅ ወላጁን የመቀለብ ግዴታ እንዳለበት ደንግጎ ነበር፤ ኋላ የወጡት የቤተሰብ ሕጎችም ይህንኑ አጽንተዋል። ነገር ግን ልጅ ያልወለደው፥ ልጁ የሞተበት፥ ልጁ ራሱ የተቸገረበት ምን ይሁን? በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፥ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ፥ ይህ ጥያቄ በቃል ብቻ የሚነሣ አልነበረም። በእንዲህ ያለ ቀን ብርቱው ይሸሻል፤ እግሩ የከዳውስ?

መጦር ከሚለው ግሥ ጧሪም ወጣ፥ ጡረታም ወጣ። መንግሥት ላረጀ አገልጋዩ ገንዘብ በመደበ ጊዜ ለሥራው ስም ያገኘለት ከልጅ ግዴታ ነው። ታዲያ አገር ለአንዱ ልጅ፥ ለሌላው ባዕድ ልትሆን ይገባታልን?

አይገባትም ካልን፥ ይህን ነገር በሕግና በበጀት ፊት መሟገትን የዕድሜ ልክ ሥራው አድርጎ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ የትምህርት ቤት ዲሬክተር የነበሩት ወይዘሮ ኤተል ፐርሲ አንድረስ፥ ጡረታ የወጣች አንዲት መምህርት በዶሮ ቤት ውስጥ ስትኖር እንዳገኟት ይተረካል። ወይዘሮዋ ምጽዋት ሰጥተው አልተመለሱም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1947 ዓ.ም. የጡረተኛ መምህራንን ማኅበር፥ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ የጡረተኞችን ሁሉ ማኅበር መሥርተው፥ ስለ አበልና ስለ ጤና ዋስትና ተከራከሩ።

በእኛም አገር ለሙግቱ መነሻ የሚሆን ቃል አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዝዛል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት መርሐ ግብርም በተመረጡ ወረዳዎች መሥራት ለማይችሉ ድኾች ቀጥተኛ ድጋፍ መስጠቱ በጎ ነው፤ ሆኖም የሚሰጠው ሰው ስለ ደኸየ እንጂ ስለ ሸመገለ አይደለም። የተሟጋቹ ሥራ የሚጀምረው እንግዲህ፥ «አቅም በፈቀደ መጠን» ከሚለው ሐረግ ላይ ነው። በጀት በሚደለደልበት ጊዜ ቆሞ የሚጠይቅ ከሌለ፥ አቅም ዘወትር የሚፈቅደው ለሌላ ነገር ነው።

ምጽዋትና ሙግት አንድ አለመሆናቸውን ከቅርብ ጊዜ ታሪካችን ተምረናል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621፥ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ አገር የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብት ሥራ እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። እንዲህ ያለው ድርጅት ለአረጋዊው ብርድ ልብስ ማደል ይችል ነበር፤ ብርድ ልብሱ ስለ ምን እንዳስፈለገው መከራከር ግን አይችልም ነበር። ይህን ክልከላ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 አስቀረው።

ነገር ግን ተሟጋቹም ሊጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ። ስለ ሽማግሌው ብዙ ሲናገር የሽማግሌውን አፍ እንዳይዘጋ፥ ሊያዝንለት ሲል ክብሩን እንዳይገፍ ያሠጋል። መድኃኒቱን ከይፋት ዛፍ ጥላ ሥር ያገኘዋል። በዚያ ሽማግሌ ባለጉዳዩን ሰምቶ ሳይጨርስ ቃል አይሰጥም። ተሟጋቹም አስቀድሞ ቁጭ ብሎ ይስማ፤ ይልቁንም ከዚያ ሸንጎ ብዙ ጊዜ ቦታ የማይሰጣቸውን ባልቴቶች ከየጎጇቸው ሄዶ ይስማ።

እኛም የዛሬ ጎልማሶች፥ ነገ ከዚያው ጥላ ሥር እንቀመጣለን። ዛሬ ለአረጋዊው የምንነፍገውን ያን ጊዜ ከማን ልንጠይቅ ነው?