ንጹሕ እጅ በማን ድካም?

ግሉምሄቨን የተሰኘው የገበታ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲወጣ 95 ምዕራፎች ነበሩት። ከአንድ እስከ አራት ተጫዋቾች ለወራት የሚዘልቁበት ቢሆንም ሁሉንም ምዕራፍ መጫወት ግዴታ አይደለም፤ ዋናው ታሪክ ሳይጎድል የሚታለፉ ብዙ ናቸው። ከነዚህ የፈቃድ ተልእኮዎች ሁሉ ትንሿ ግን በአንዲት ካርድ ላይ ትገኛለች፤ ከባዱን የሥነ ምግባር ጥያቄ የምታነሣውም እሷ ናት።

ምዕራፍ ሲጀመር ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርድ ይታደላል። አንዱን መርጦ ይይዛል፤ ለጓደኞቹም አያሳይም። የተጻፈበትን ከፈጸመ ምልክት ያገኛል፤ ሦስት ምልክት ሲሞላለት ገጸ ባሕርዩ ይጠነክራል። ባይፈጽም ቅጣት የለበትም። ምልክቱ የሚሰጠው ግን ቡድኑ ካሸነፈ ብቻ ነው።

ከካርዶቹ አንዱ ስሙ «ሰላማዊ» እንደማለት ነው፤ ባለካርዱ ከሦስት በላይ ጭራቅ እንዳይገድል ይጠይቃል። በብዙ ምዕራፎች ደግሞ ለማሸነፍ ጠላት ሁሉ መገደል አለበት። ስለዚህ ሰላማዊው የሚሸለመው ሌሎች ሲገድሉለት ነው። እሱ እንዳሻው ማቁሰል ይችላል፤ የሚቆጠርበት የመጨረሻው ምት ብቻ ነው።

ፈላስፋው ኡርምሰን እ.ኤ.አ. በ1958 «ቅዱሳንና ጀግኖች» በተሰኘ ጽሑፉ፣ ከግዴታ በላይ የሆነ በጎ ሥራ በሥነ ምግባር ፍልስፍና የራሱ ቦታ ሊኖረው እንደሚገባ ተከራክሯል። አማርኛ ለዚህ «ትሩፋት» የሚል ቃል አለው፤ ሥሩ «ተረፈ» ነው። የሚተርፍ ነገር ግን የሚኖረው ዕዳ ከተከፈለ በኋላ ነው። ሰላማዊው ተጫዋች ዕዳውን ለጓደኞቹ ትቶ ትርፉን ለራሱ ይይዛል።

«ሁሉም ካርድ ይዟል፤ ሁሉም ተስማምቷል» የሚል መከራከሪያ ይነሣ ይሆናል። ለጨዋታው ይህ በቂ መልስ ነው፤ ዛሬ የተሸከመ ነገ ይሸከሙለታል። ከገበታው ውጭ ግን ካርዱ ለሁሉም አይታደልም። «እኔ የውርስ ጭቅጭቅ ውስጥ አልገባም» ያለ ወንድም ሰላም ወዳድ ተብሎ ይመሰገናል። እኅቱ ዓመታት ፍርድ ቤት ተመላልሳ፣ ከዘመድ ተቀያይማ ስታሸንፍ ድርሻውን ይቀበላል። ተጨቃጫቂ የሚለው ስም የሚቀረው ለእሷ ነው።

ወንድምየው ጭቅጭቅ አልወድም ማለቱ መብቱ ነው። ጥያቄው ያልነካው ሥራ በማን እጅ እንደወደቀ ያውቃል ወይ የሚለው ነው። ካወቀ፣ ድርሻውን ሲቀበል ቢያንስ ስሟን በዘመድ ፊት ሊያድስላት ይገባል።