ስምን ማን ያወጣዋል?

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል ያገራችን ሰው። ባለፉት ሁለት መቶ ዓመታት ግን ለሰው ልጅ ስም ሲያወጡ የኖሩት መላእክት አይደሉም፤ ሦስት ታላላቅ ንድፈ ሐሳቦች ናቸው። የዘር ንድፈ ሐሳብ ሰውን በደሙ ጠራው፤ ካፒታሊዝም በዋጋው፤ ኮሚኒዝም በመደቡ። የዘመናዊው ኅብረተሰብ ሕግና የከተማ ፕላን፣ የመሬት ይዞታና የመታወቂያ ወረቀት ሳይቀሩ የእነዚህን ስሞች አሻራ ይዘው ይገኛሉ።

ስለ ሦስቱ ንድፈ ሐሳቦች ትክክለኛነት ብዙ ተጽፏል። ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ግን የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው። አንድ ሐሳብ ከመጻሕፍቱ አንድ ገጽ እንኳ አንብቦ ለማያውቅ ሰው ስም ሲያወጣለት፣ በዚያም ስም መሬቱን፣ ነጻነቱን፣ አንዳንዴም ሕይወቱን ሲወስንበት፣ ሐሳቡን የምንመዝነው በምንድን ነው?

ለዚህ ምርመራ ለንደንን ወይም ሞስኮን መምረጥ አያስፈልግም። በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ መካከል ያለችውን ጉንደ ወይንንና አካባቢዋን እንመልከት። የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ይህች ከተማ በዓለም ታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ስሟ አይነሣም። ዙሪያዋ የጤፍ ማሳ ነው፤ ነዋሪዋም አራሽ። ይሁን እንጂ ሦስቱም ንድፈ ሐሳቦች በየተራቸው ደርሰውባታል። ንድፈ ሐሳብ ደግሞ ከልቡ የሚፈተነው በተወለደበት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሳይሆን፣ ሲጻፍ ከቶ ያልታሰበ አገር ሲደርስ ነው።

ከዘር ንድፈ ሐሳብ እንጀምር። ፈረንሳዊው አርቱር ደ ጎቢኖ እ.ኤ.አ. ከ1853 እስከ 1855 ባሳተመው ድርሳን የሰውን ልጅ በዘር ከፋፍሎ በደረጃ አስቀመጠው። ነገሩ ግን ከመጽሐፉ ይቀድማል። ከ12 ሚሊዮን የሚበልጡ አፍሪካውያን በሰንሰለት ታስረው ወደ አሜሪካ በሚጓዙ መርከቦች ተጭነዋል። ሰውን እንደ ከብት መሸጥ ከኅሊና ጋር ሊታረቅ የሚችለው የተሸጠው ሰው ሙሉ ሰው አይደለም ከተባለ ብቻ ነበር። እንግዲህ ገበያው ቀደመ፤ ንድፈ ሐሳቡ ተከትሎ መጣና ለገበያው የኅሊና ማስታገሻ ሆነው።

ይህ ሐሳብ ኢትዮጵያ የደረሰው በፋሽስት ጦር ታጅቦ ነው። የኢጣልያ መንግሥት ሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ ከቅኝ ተገዢ ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ኢጣልያዊ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እንዲታሰር ደነገገ። አዲስ አበባን የነጭና የ«አገሬው» ሰፈር ብሎ ከፈላት፤ ዛሬ መርካቶ የምንለው ገበያም ለ«አገሬው» ተብሎ የተመደበው ክፍል ነበር። ኢትዮጵያዊው በገዛ አገሩ «ተገዢ» የሚል ስም ወጣለት። የጎጃም ገበሬ ለዚህ ስም የሰጠው መልስ በታሪክ ተመዝግቧል። ከ1930 ዓ.ም. ጀምሮ አመፁ ተቀጣጠለ፤ በላይ ዘለቀም በቢቸናና በአካባቢው ጦሩን አደራጅቶ ነጻነት እስኪመለስ ተዋጋ።

ይሁንና እዚህ ላይ ማቆም ለራስ ማድላት ይሆናል። ጎቢኖን ያላነበበው ደገኛ «አጥንቱ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ቀጥቃጩን፣ ፋቂውንና ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ» ብሎ ከማዕዱና ከጋብቻው ያርቅ ነበር። ከምዕራቡ ቆላ የሚፈነገለውን የጉሙዝ ልጅ በቆዳው ቀለም ስም አውጥቶለት በባርነት ይገዛው ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገር ያስፈለጋቸው፣ ባርነትን በሕግ የሻረው አዋጅም እስከ 1934 ዓ.ም. የዘገየው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከሮም የመጣውን የዘር ሕግ በጀግንነት የመከተ ኅብረተሰብ በጓዳው ያለውን ሳያየው ኖረ። ይህን ሳናምን ስለ ዘረኝነት የምንናገረው ሁሉ እኩሌታው ይጎድለዋል።

ካፒታሊዝም የመጣበት መንገድ ሌላ ነው። አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ የሥራ ክፍፍልንና የነጻ ልውውጥን ጥቅም ሲያስረዳ፣ ከሐሳቡ ውስጥ ሰውን ነጻ የሚያወጣ ኃይል ነበረበት። ገበያ አጥንት አይጠይቅም። ማዕዷን የሚጠየፈው ሰው የሸክላ ሠሪዋን ማሰሮ በገንዘቡ ይገዛል። በዚህ በኩል ሲታይ ሳንቲም ከብዙ ስብከት ይልቅ የትውልድን ግንብ ሸርሽሯል።

ግን ገበያ አጥንት ባይጠይቅም ዋጋ ይጠይቃል። የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ በወንጂ ስኳር ማምረት ሲጀምር በ1946 ዓ.ም. ነበር፤ በአዋሽ ሸለቆ የተስፋፉት ሰፋፊ እርሻዎችም የአፋርን አርብቶ አደር ከበጋ ግጦሹ አስለቅቀውታል። ከጎጃም ደጋ ደግሞ መሬት ያነሰው ወጣት በየዓመቱ ወደ ሁመራና ወደ መተማ የሰሊጥ እርሻ ይወርዳል። እዚያ የእገሌ ልጅ መሆኑ ይቀርና «ጉልበት» ይባላል። በወባ ቢታመም ጉልበትነቱ ስለሚያበቃ ስሙም አብሮ ያበቃል። ካፒታል እንደ ፋሽስት አይሳደብም፤ ሰውየውን ሳያየው ያልፋል። ይህም ዝምታ ራሱን የቻለ አሰያየም ነው።

ከሦስቱ ፍትሕን በግልጽ ዓላማው ያደረገ ኮሚኒዝም ነው። ስለዚህም ነው ፍርዱ የሚከብደው። የካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ሲወጡ ያነሡት ጥያቄ እውነተኛ ነበር። በደቡብ ጭሰኛው የምርቱን ሲሶ ወይም እኩሌታ ለባለመሬት ይሰፍር ነበርና። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን ቀንበር መስበሩ፣ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረውም የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ፊደል ማስቆጠሩ በማንም ሊካድ አይገባም።

ጎጃም ላይ ግን ቃሉና ምድሩ አልገጠሙም። በዚያ አገር ርስት በአባትም በእናትም በኩል ከአቅኚው አባት ይቆጠራል፤ አራሹ በአብዛኛው ባለርስት ነበር። ገበሬው ጉልተኛ ቢጫንበትም፣ ዳኛ ቢበድለውም፣ መሬቱ ግን የእኔ ነው ይላል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲመጣ የሞጣና የቢቸና ገበሬ ያመፀው ስለዚህ ነው። ግብሩ በወረቀት ሲታይ ገቢው ከፍ ያለውን በይበልጥ የሚመለከት ነበር። ገበሬው የፈራው ገንዘቡን ብቻ አልነበረም፤ መሬት መለካት ከተጀመረ ርስት ወደ መንግሥት መሬትነት፣ ባለርስትም ወደ ጭሰኝነት ይለወጣል ብሎ ሠጋ። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን አዘመተ፤ በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዥውን አነሣ፤ የተከማቸውንም የግብር ውዝፍ ማረ።

ይህን ገበሬ በንድፈ ሐሳቡ መዝገብ ውስጥ በየትኛው ስም እንመዝግበው? «ተራማጅ» እንዳይባል ያባቶቹን ርስት ሊያስጠብቅ የተነሣ ነው። «አድኃሪ» እንዳይባል በባዶ እግሩ ከቦምብ ጣይ አውሮፕላን ጋር የተፋጠጠ ደሃ ነው። «ጭሰኛ» አይደለም፤ «ባላባት»ም አይደለም። ካርል ማርክስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1881 ለሩሲያዊቷ ቬራ ዛሱሊች በጻፈው ደብዳቤ፣ ገበሬ ከመሬቱ ስለሚነቀልበት ሂደት የሰጠው ትንተና በምዕራብ አውሮፓ አገሮች የተወሰነ መሆኑን ገልጿል። መምህሩ ያስቀመጠውን ወሰን ደቀ መዛሙርቱ ዘለሉት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይታወቃል። 60,000 ያህል ተማሪና መምህር በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ዘመተ፤ አብዛኛው ከልቡ ሕዝብን ለማገልገል ወጥቶ ነበር። ግን በእጁ የያዘው የስም ዝርዝር ቀድሞ ያለቀ ነበር። ጥቂት በሬ ያለው «ሀብታም ገበሬ»፣ የጠየቀ «አድኃሪ»፣ የዘገየ «አሻጥረኛ» ሆነ። ቀጥሎ ወልባና ወላንድ የሚባሉ የአምራቾች ማኅበራት እርከኖች፣ የእህል ኮታ፣ በ1978 ዓ.ም. የተስፋፋው መንደር ምሥረታ መጡ። በከተሞችም፣ ደብረ ማርቆስን ጨምሮ፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. «ጸረ ሕዝብ» የሚለው አንድ ቃል ብቻ ብዙ ወጣት አስገደለ። ኩላክ የሚለው ስም በሶቪየት ኅብረት ገበሬ ላይ ካደረሰው ጥፋት የተማረ አልነበረም። የካቲት 1982 ዓ.ም. መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ ባወጀ ጊዜ ግን ገበሬው ማንንም ሳያማክር የጋራውን በሬና መሬት ተከፋፈለ፤ አብዛኞቹ ማኅበራት በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሱ። ዐሥር ዓመት ሙሉ ያልተጠየቀው ሰው መልሱን በአንድ ወቅት እርሻ ሰጠ።

የስም ነገር በዚህም አላበቃም። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተካሄደው የመሬት ሽግሽግ ምሥራቅ ጎጃም ሲደርስ፣ በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበር አመራር ያገለገለ አራሽ «ቢሮክራት» የሚል ስም ወጣለት፤ ከአንድ ሄክታር በላይ እንዳይዝም ተወሰነበት። የፊተኛው መንግሥት የስም መዝገብ ያስያዘው ሰው በኋለኛው መዝገብ ራሱ ተመዘገበ። ከዚያም ወዲህ ያው ገበሬ በማዳበሪያ አጠቃቀሙ «ሞዴል» ወይም «ኋላ ቀር» እየተባለ ተመደበ። መንግሥታቱ ተለዋወጡ፤ ርዕዮቱም ከግራ ወደ ቀኝ ዞረ። ገበሬው ስም ተቀባይ መሆኑ ግን አልተለወጠም።

ታዲያ መመዘኛው ምን ይሁን? ሰውን ሳንሰይም ማሰብ አይቻልም። በዝባዥን በዝባዥ ሳይሉ ፍትሕ አይገኝም፤ የእህልን ዋጋ ሳይተምኑ ገበያ አይቆምም። ስለዚህ ጥፋቱ በመሰየሙ ላይ ብቻ አይደለም። መመዘኛውን ከሩቅ መፈለግም አያስፈልግም፤ ያው ገበሬ ሲሠራበት የኖረው ነው። በርስት ሙግት ሰው የአያት የቅድመ አያቱን ስም ጠርቶ፣ «በላ ልበልሃ» ብሎ በሽማግሌ ፊት ይከራከራል። ባላጋራው ስሙን ቢክደው ምስክር ይቆጥራል፤ ቢረታ ይግባኝ ይላል። ያ ሸንጎ ፍጹም አልነበረም፤ በብዙ ቦታ ሙስሊሙንና የእጅ ባለሙያውን ከርስት ያገለለ ነበር። መርሁ ግን ትልቅ ነው፦ ስም የወጣለት ሰው በስሙ ላይ ይሟገታል።

በዚህ ሚዛን ሦስቱ እኩል አይወጡም። የመደብ ስም ሊሟገቱበት የሚቻል ስም ነው፤ ሰው ሥራውንና ኑሮውን አቅርቦ «አይደለሁም» ሊል ይችላል። ኮሚኒዝም ወንጀል የሆነው ይህ ሸንጎ በተዘጋ ዕለት ነው። የገበያ ዋጋም በማኅበር፣ በሕግ፣ በሥራ ማቆም ሊሟገቱበት ይቻላል፤ ካፒታሊዝም ጨካኝ የሚሆነው ይህን በር ሲዘጋ ነው። የዘር ስም ግን ከመሠረቱ ይግባኝ የለውም። በደሙ የሚከራከር ሰው ምን ምስክር ይቆጥራል? ሁለቱ ሊታረሙ የሚችሉ ሲሆኑ ይህ ሊታረም የማይችል፣ መጣል ያለበት ነው።

ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። የቤልጅግ ቅኝ ገዢዎች በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በሩዋንዳ መታወቂያ ላይ ያሰፈሩት ሁቱና ቱትሲ የሚል ቃል እ.ኤ.አ. በ1994 በየኬላው የሞት ፍርድ ሆኗል። በአገራችንም በቅርብ ዓመታት ስንቱ አራሽ፣ ሥራው ሳይጠየቅ፣ በትውልዱ ስም ብቻ ከቀዬው እንደተፈናቀለ እናውቃለን። የመደብን መዝገብ ዘግተን የአጥንትን መዝገብ ከከፈትን፣ ይግባኝ ካለው ፍርድ ይግባኝ ወደሌለው ወርደናል ማለት ነው።

ካድሬ፣ መምህርና የጥበብ ሰው በሙያቸው ስም አውጪዎች ናቸው። የመጀመሪያው በስብሰባ፣ ሁለተኛው በክፍል፣ ሦስተኛው በመድረክና በመጽሐፍ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ከባላባት ወገን የተወለደው ካሳ ያንኑ ሥርዓት ሲነቅፍ፣ አገሩ «ጉዱ» ብሎ ስም አወጣለት። በትውልዱ ቢመዝኑት ገዢ፣ በስሙ ቢመዝኑት እብድ ነው። ደራሲው ግን አፍ ሰጡት፤ አንባቢም ሰምቶ እብዱ ማን እንደሆነ በራሱ ፈረደ። ሥነ ጽሑፍ ለፍትሕ የሚያበረክተው ይኸው ነው፤ ስም ለወጣለት ሰው የመናገሪያ ተራ ይሰጠዋል።

እንግዲህ በማናቸውም ርዕዮት ስም ሰውን ለመመደብ ብዕር ስናነሣ አስቀድሞ የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ አለ። ይህ ሰው ስሙን ሲሰማ፣ «አይደለሁም» ቢል፣ የሚሰማው ሸንጎ አለን? ከሌለ መዝገቡ ይቆይ።