የተዘረጋው እጅ

አንድ ሰው ነበር፤ አገሩ ከባሕር ማዶ። ጎንደር መጣና ቀሐ አካባቢ ከአንዲት አሮጊት ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየ። ደብተር አለው፤ ያየውን ሁሉ ይጽፋል። ሰዓቱ ከንጋት እንደሚቆጠር ጻፈ። ወሩ 13 መሆኑን ጻፈ። ሰላምታው «እንደምን አደርክ» ተብሎ እንደማያበቃ፣ ልጁም ከብቱም ጎረቤቱም እንደሚጠየቅ ጻፈ። «ልጄ፣ እጅህ አይደክመውም?» ይሉታል አሮጊቷ። እሱንም ጻፈ።

ጥምቀት ደረሰ። ታቦታቱ ከፋሲል ባሕረ ጥምቀት ተመለሱ፤ ቤቱ በዘመድ ሞላ። «እንግዳዬ ለብቻው ሊበላ ነው?» ብለው አስጠሩት። መሶቡ ተከፈተ፣ ዶሮው ወጣ። አሮጊቷ እንጀራውን ቆረሱ፤ ከወጡ ጠቀስ፣ ከአይቡ ጣል አድርገው ጠቀለሉና ዘረጉለት።

«እንካ ልጄ፣ በሞቴ!»

ሰውየው ደስ አለው። ሲወራ የሰማውን በዓይኑ ሊያይ ነው። ደብተሩን አወጣ፤ ጣቱን ቀስሮ «አንዴ» አለ። በየትኛው እጅ እንደሚያጎርሱ ጻፈ። አጠቃለሉን ጻፈ። ወጡ ከጣታቸው ወደ አንጓቸው፣ ከአንጓቸው ወደ ክርናቸው ወረደ፤ የሐበሻ ቀሚሳቸውን እጅጌ ነካ። «አፈር ስሆን፣ ሳይበርድ» አሉ። እሱ ገጽ ገለበጠ። ክንዳቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር የልጅ ልጃቸው ተጠጋና መዳፉን ከሥር ዘረጋ። ቤቱ ጸጥ አለ። አሮጊቷ ልጁን አዩት፤ አጎረሱት።

ሰውየው ቀና ሲል እጃቸው ባዶ ነው፤ ልጁ ያላምጣል። «በጎንደር አስቀድመው የሚጎርሱት ሕፃናት ናቸው» ብሎ ጻፈና ደብተሩን አጠፈ።

ጎንደር በእውንም ባለ ደብተር እንግዳ አይታለች። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በፈረንጆች 1770 የገባው የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ነበር። ከተማዋን ፈንጣጣ ይዟታል። ወደ እቴጌ ምንትዋብ የቁስቋም ግቢ ተጠራና የታመሙትን ልጆች አስታመመ፤ በርና መስኮት አስከፍቶ ቤቱን በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ። የእቴጌይቱ ልጅ ወይዘሮ አስቴርም ወዳጁ ሆነች። በ1790 ባሳተመው ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፍ የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ሲያዝኑም ሲስቁም ድምፃቸው የሚሰማን፣ እኔ እንደማምነው፣ ከዚያ የሕሙማን ክፍል የተነሣ ነው። ብዕሩን አስቀምጦ የገባበት ክፍል ነውና።

አንድ ነገር ግን ያሳዝነኛል። ሥዕል ይሥልለት የነበረው ጣሊያናዊ ሉዊጂ ባሉጋኒ እስከ ግሽ ዓባይ አብሮት ተጉዟል፤ ተመልሶም በ1771 እዚሁ ጎንደር ሞተ። በዚያ ሁሉ ወረቀት ላይ፣ ባሉጋኒ ምንጩ ዘንድ አብሮት እንደ ደረሰ ብሩስ አልጻፈም።