እንግዳው የወደዳት ከተማ

ባሕር ተሻግረው የተመለሱ ሰዎች በተሰበሰቡበት ሁሉ ሳይነሣ የማይቀር አንድ ጥያቄ አለ። «ከአውሮፓ ከተሞች የትኛዪቱ ትበልጣለች?» የሚል ነው። አንዱ ፓሪስን፣ ሌላው ሮምን፣ ሦስተኛው ቬኒስን ያነሣል፤ ክርክሩም አብዛኛውን ጊዜ በሣቅና በትዝታ ያልቃል። ነገሩ የምርጫ ጉዳይ ስለሚመስል ማንም የግብረ ገብ ጥያቄ አድርጎ አይመለከተውም። አንዱ ቀይ ወጥ፣ ሌላው አልጫ ቢመርጥ ምን ያከራክራል?

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ግን ጉዳዩ እንዲህ ቀላል አይደለም ባይ ነው። በዚያ በአንዱ ጥያቄ ውስጥ ሁለት ጥያቄዎች ተደብቀዋል፤ ለመጎብኘት የምትሻለው የትኛዋ ናት? ለመኖርስ? ጎብኚ በዓይኑ ይፈርዳል። ነዋሪ የሚፈርደው ግን በኪሱ፣ በጉልበቱ፣ በልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ዝናም በመጣ ቁጥር በሚያፈስሰው ጣሪያ ነው። ሁለቱ ፍርዶች ቢለያዩ አያስደንቅም። የሚያሳስበው የመጀመሪያው ፍርድ ሁለተኛውን የሚበላው ሲሆን ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።)

ስለ ውበት የተደረገው ምርምር ይህን ችግር አስቀድሞ ነክቶታል። አማኑኤል ካንት በ1790 ባሳተመው፣ የሰውን የፍርድ ኃይል በሚመረምረው መጽሐፉ መግቢያ አካባቢ አንድ ቤተ መንግሥት በምሳሌነት ያቀርባል። ይህ ሕንፃ ያምራል ወይ ተብሎ የተጠየቀ ሰው ልዩ ልዩ መልስ ሊሰጥ ይችላል ይላል። አፍ ከፍቶ ለመመልከት ብቻ የተሠራ ነገር አልወድም ሊል ይችላል። ፓሪስ ደርሶ ከምግብ ቤቶቹ በስተቀር ያስደሰተው ነገር እንዳልነበረው እንደ ኢሮኳው የነገድ አለቃ ሊመልስ ይችላል። ወይም በሩሶ መንፈስ፣ ታላላቆች የሕዝብን ላብ ለማይረባ ነገር ማፍሰሳቸውን ሊያወግዝ ይችላል። ካንት ይህ ሁሉ ትክክል ሊሆን እንደሚችል ይቀበላል፤ ሆኖም የተጠየቀው ይህ አይደለም ባይ ነው። የውበት ፍርድ ከጥቅምና ከፍላጎት የጸዳ መሆን አለበት፤ የነገሩ መኖር አለመኖር እንኳ ተመልካቹን ሊገደው አይገባም።

አባባሉ ጥንካሬ አለው። አንድን ሥዕል በገዢው ሀብታምነት የሚለካ ሰው ሥዕሉን አላየም። ነገር ግን ከተማ ሥዕል አይደለችም። ከተማ የተሠራችው ሊኖሩባት ነው። መኖሪያነቷን ትተን በመልኳ ብቻ እንፍረድ ማለት፣ ስለ እንጀራ ተጠይቆ ስለ ዓይኑ ብቻ ተናግሮ ስለ ጣዕሙ ዝም እንደ ማለት ነው። ካንት ከተወለደባት ከኮኒግስበርግ አካባቢ ርቆ ሳይሄድ ዕድሜውን የፈጸመ ሰው ነበርና ጎብኚ የሚባለውን ፍጡር ከነአካሉ ሊያውቀው ባይችል አይፈረድበትም። እንደ ማሾፊያ ያነሣው የነገድ አለቃ ግን፣ ለእኔ እንደሚመስለኝ፣ በዚህ ጉዳይ ከፈላስፋው ቀድሞ ሄዷል። የዚህች ከተማ ሰው ምን ይበላል ብሎ ነበርና የተመለከተው።

ፓሪስን እንውሰድ። ጎብኚ የሚያደንቃቸው ሰፋፊና ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች አብዛኞቹ የተቀየሱት ባሮን ኦስማን የሴን አውራጃ አስተዳዳሪ በነበረበት ከ1853 እስከ 1870 ባለው ዘመን ነው። የተጨናነቁት መንደሮች ፈረሱ፤ ብርሃንና አየር ገባ፤ የንጹሕ ውኃና የፍሳሽ ቦይ ተዘረጋ። ኮሌራ ደጋግሞ ለጎበኛት ከተማ ይህ ታላቅ ጥቅም ነበረ፤ መካድ አይገባም። በፈረሱት ቤቶች ይኖር የነበረው ሠራተኛ ግን በአዲሶቹ ቤቶች ሊከራይ አልቻለም፤ ወደ ቤልቪልና ወደ ሌሎች ዳርቻዎች ተገፋ። ሰፊው ጎዳና ለጦር ሠራዊት እንቅስቃሴ የሚመች፣ ለዐማፅያን የመንገድ ምሽግ የማይመች መሆኑም በጊዜው ምሥጢር አልነበረም። ፍሪድሪክ ኤንግልስ በ1872 ስለ መኖሪያ ቤት ጥያቄ ሲጽፍ የኦስማንን ስም የአንድ አሠራር መጠሪያ አድርጎ ተጠቅሞበታል፤ ድህነቱ ካንድ ሰፈር ተነሥቶ በሌላ ሰፈር ይሰፍራል እንጂ አይጠፋም ማለቱ ነበር። ዛሬ በኖትር ዳም ፊት ለፊት ባለው አደባባይ ቆሞ የቤተ ክርስቲያኑን ግንባር ሙሉ በሙሉ ለማየት የበቃ እንግዳ፣ የቆመው የሰው ጓዳና ማጀት በነበረበት ሥፍራ ላይ ነው።

ወደ ሮም ስንሻገር ጉዳዩ ለእኛ ይቀርባል። በባቡር ሮም የገባ መንገደኛ ከተርሚኒ ጣቢያ ሲወጣ የሚረግጠው አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል። አምስት መቶዎቹ በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር የተደመሰሱት የኢጣሊያ ወታደሮች ናቸው። በ1937 ከአክሱም ተነቅሎ የተወሰደው ሐውልትም በሮም አደባባይ የከተማዪቱ ጌጥ ሆኖ ከ60 ዓመት በላይ ቆሟል፤ ወደ አገሩ የተመለሰው በ2005 ነበር። በእነዚያ ዓመታት ሐውልቱን አይቶ ያደነቀ ጎብኚ ሁሉ የዘረፋው ተባባሪ ነበረ አንልም። ያየው ነገር በርግጥ ውብ ነበር። ያየው ግን ግማሹን ነው።

ያለፈ ዘመን በደል ሲባል ከሰው ሕይወት የተለየ፣ የድንጋይ ታሪክ ብቻ ሊመስል ይችል ይሆናል። ቬኒስ ግን ነገሩን ዛሬ በዓይናችን ፊት ትፈጽመዋለች። 118 ትንንሽ ደሴቶች ላይ የቆመች፣ ጎዳናዋ ውኃ፣ ጋሪዋ ጀልባ የሆነች ከተማ ናት። ከአውሮፓ ከተሞች ሁሉ በእንግዳ ዘንድ በይበልጥ የምትወደደው እርሷ ናት ቢባል ብዙ ሰው አይቃወምም። በ1951 በጥንታዊቷ ከተማ ወደ 175,000 የሚጠጋ ሕዝብ ይኖር ነበር። በ2022 ቁጥሩ ከ50,000 በታች ወረደ። በዚያው ልክ በየዓመቱ የሚጎርፈው ጎብኚ ከ20 ሚሊዮን እስከ 30 ሚሊዮን ይገመታል። በሪያልቶ ድልድይ አቅራቢያ በሚገኝ አንድ አደባባይ፣ በመድኃኒት ቤት መስኮት ላይ፣ የቀሩትን ነዋሪዎች ቁጥር የሚያሳይ የኤሌክትሪክ ሰሌዳ በ2008 ተሰቅሏል። የሕመምተኛን ትኩሳት እንደሚለካ መሣሪያ ነው።

ነዋሪውን ያባረረው ጎብኚው ብቻ አይደለም። የኅዳር 4 ቀን 1966 የውኃ ሙላት 194 ሳንቲሜትር ደርሶ የምድር ቤቶቹን ሁሉ ሲያጥለቀልቅ ብዙ ቤተሰብ ተስፋ ቆርጦ ወጣ። ከውኃው ወዲያ በየብስ ባሉት በመስትሬና በማርጌራ ፋብሪካም ነበረ፤ ርጥበት የሌለበት ቤትም ነበረ። ሆኖም ከዚያ ወዲህ የወጣውን ሰው ቦታ ሌላ ነዋሪ አልተካውም፤ አልጋ ተካው እንጂ። አንድ ቤት ለነዋሪ በወር ከሚያስገኘው ኪራይ ይልቅ ለእንግዳ በሌሊት ሲቆጠር የሚያስገኘው በለጠ። ዳቦ ጋጋሪው ሄዶ በምትኩ የመሸፈኛ ፊት ሻጭ መጣ፤ ጫማ ሰፊው ሄዶ የመስታወት ጌጥ ነጋዴ ገባ። የእንግዳውን አልጋ የምታነጥፈው ሴት ራሷ በከተማዪቱ ውስጥ ልትከራይ አቅም ስለሌላት በየማለዳው ከመስትሬ በረጅሙ ድልድይ ተሻግራ ትመጣለች።

እዚህ ላይ ተቃዋሚ ሊነሣ ይችላል፤ ብርቱ ተቃዋሚ ነው። ቤቱን ለእንግዳ ያከራየው ማን ነው? ቬኒሳዊው ራሱ አይደለምን? ሻጭ ባይኖር ገዢ ከየት ይመጣል? እውነት ነው። እያንዳንዱ ባለ ቤት ለብቻው ሲታይ ለልጆቹ የሚበጀውን አደረገ፤ ሁሉም ይህንኑ ሲያደርጉ ግን ልጆቹ የሚጫወቱበት ጎረቤት ጠፋ። አንድ ሰው ብቻውን ሊያደርገው የማይችለውን ጥፋት ብዙ ቅን ሰዎች በየፊናቸው ሲፈጽሙት ማየት ለግብረ ገብ ምርምር ከሁሉ የከበደው ፈተና ነው። ክሱ በማን ላይ ይጻፋል?

በእኛ አነጋገር «ቤት ለእንግዳ» ማለት የክብር ቃል ነው። ለመሸበት መንገደኛ ባለ ቤቱ መደቡን ለቆ እርሱ መሬት ይተኛል። ነገር ግን ይህ ቃል ባለ ቤት መኖሩን አስቀድሞ ያስባል። እንግዳው መጀመሪያ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲከርም ጨርቅ ይሆናል የሚሉ አባቶችም እንግዳን የጠሉ አልነበሩም። ቬኒስ በሚያዝያ 2024 በተመረጡ ቀናት ለአንድ ቀን ከሚመጣ ጎብኚ 5 ዩሮ የመግቢያ ዋጋ መቀበል ጀመረች። ክፍያው የሰውን ብዛት ይቀንሳል ተብሎ ነበር። እኔ እንደማየው ግን አንዲት ከተማ በበሯ ላይ ትኬት መቁረጥ ከጀመረች ሙዚየም መሆኗን በራሷ እጅ ፈርማ ማመኗ ነው። የባርሴሎና ማዘጋጃ ቤት በዚያው ዓመት ያስታወቀው ዕቅድ ከዚህ ይልቅ ወደ ሥሩ ይጠጋል፤ ለጎብኚ የሚከራዩ 10,000 ያህል መኖሪያ ቤቶችን ፈቃድ እስከ 2028 መጨረሻ ድረስ ላለማደስ ነው የተነሣው።

ቬኒስ ድንጋዩ ተርፎ ሰው የሄደባት ከሆነች፣ ዋርሶ ድንጋዩ ጠፍቶ ሰው የተመለሰባት ናት። በ1944 ከተነሣው ዐመፅ በኋላ የናዚ ጦር ከተማዪቱን መንገድ በመንገድ አፈረሳት፤ ከታሪካዊው ክፍሏ ከመቶ 85 እጅ በላይ ወደመ። ነዋሪዎቿ በ18ኛው መቶ ዓመት ቤሎቶ የሣላቸውን ሥዕሎች ሳይቀር እየተመለከቱ አሮጌውን ከተማ እንደገና ሠሩት። ዋናው አደባባይ በ1953 ተመረቀ። ይህ እውነተኛ ጥንታዊ አይደለም፣ ቅጂ ነው የሚል ጎብኚ ዛሬም አይጠፋም። ይህ የዓይን ፍርድ ነው። በዚያ ቤት ልጅ ያሳደገች እናት ግድግዳው የስንት ዓመት ነው ብላ አትጨነቅም።

ለመኖር የትኛዋ ትሻላለች ለሚለው ጥያቄ መልስ ስጥ ብባል ቪየናን እጠራለሁ። የምጠራትም በንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥትና በኦፔራ ቤቷ ምክንያት አይደለም። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የተጨናነቀባት፣ ብዙ ሠራተኛ ክፍል ቀርቶ አልጋ እንኳ በሰዓት ተከራይቶ የሚተኛባት፣ አንዱ ከሥራ ሲመለስ ሌላው ከዚያው አልጋ የሚነሣባት ከተማ ነበረች። በ1919 የማዘጋጃ ቤቱን ምርጫ ያሸነፉት ሶሻል ዴሞክራቶች በ1923 በመኖሪያ ቤት ላይ፣ የቤቱ ቅንጦት በጨመረ ቁጥር የሚጨምር ግብር ጣሉ፤ ገንዘቡንም መልሰው በቤት ሥራ ላይ አዋሉት። በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ከ60,000 በላይ መኖሪያ ቤቶች ተሠሩ።

ከእነዚህ መካከል ዝነኛው ከ1927 እስከ 1930 የተሠራው ካርል ማርክስ ሆፍ ነው። ነዳፊው ካርል ኤን የታላቁ አርኪቴክት የኦቶ ቫግነር ተማሪ ነበር። ሕንፃው ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ 1,382 መኖሪያ ቤቶች ነበሩት። ይህን ሁሉ ይዞ አብዛኛው መሬት ለአትክልትና ለአደባባይ ተትቷል። የልብስ ማጠቢያ፣ መታጠቢያ ቤት፣ የሕፃናት መዋያ፣ ቤተ መጻሕፍት አብረውት ተሠርተዋል። ታላላቅ የቅስት በሮቹን ያየ ሰው የመሳፍንት ግንብ ይመስለዋል፤ ከበሩ የሚወጣው ግን የትራም ነጂ ነው። በዚያ ዘመን ሕንፃዎች ግንባር ላይ በትልልቅ ፊደላት የተጻፈው ጽሑፍ የንጉሥ ስም ወይም የድል መታሰቢያ አይደለም። ሕንፃው በየትኞቹ ዓመታት፣ በማን፣ ከየትኛው ግብር በተገኘ ገንዘብ እንደ ተሠራ ይናገራል። ጎብኚ ይህን ጽሑፍ እንደ ደረቅ የሒሳብ መዝገብ ይቆጥረው ይሆናል። ለእኔ ግን በአውሮፓ ከተሞች ግድግዳ ላይ ከተጻፉት ሁሉ ሐቀኛው ይህ ነው፤ የውበቱን ከፋይ በስሙ ይጠራልና። ዛሬም ማዘጋጃ ቤቱ ወደ 220,000 ገደማ መኖሪያ ቤቶች አሉት፤ ከቪየና ነዋሪም ግማሽ ያህሉ በእነዚህ ወይም በድጎማ በተሠሩ ቤቶች ይኖራል።

ይህን ያህል አመስግነን ቪየና ንጹሕ ናት ብለን ብናልፍ ግን ራሳችን የነቀፍነውን የጎብኚ ዓይን ተዋስን ማለት ነው። በየካቲት 1934 የዶልፉስ መንግሥት ጦር በካርል ማርክስ ሆፍ ላይ መድፍ ተኩሷል። ኦስትሪያ ከናዚ ጀርመን ጋር በተጠቃለለችበት በ1938 ደግሞ አይሁድ ተከራዮች ከእነዚሁ የማዘጋጃ ቤት ሕንፃዎች ተባረሩ። ያባረሯቸው ባለ ሥልጣኖች ናቸው፤ ባዶውን ቤት የወረሰው ግን ጎረቤት ነበር። «ነዋሪ» የሚለው ቃል ራሱ እንደ አጥር ሊያገለግል ይችላል።

እስካሁን እንግዳና ባለ ቤት ብለን የከፈልነው ሁለቱን ብቻ ነው። ሦስተኛ ሰው አለ። ለሽርሽር አልመጣም፤ ባለ ቤትም አልሆነም። በቡና ቤቱ ጓዳ ሳሕን ያጥባል፣ በሌሊት ቢሮ ይጠርጋል፣ ሽማግሌ ያስታምማል። የእኛ አገር ልጆችም ከዚህ ሰው ወገን ናቸው። በቪየና ለማዘጋጃ ቤት መኖሪያ ለማመልከት አስቀድሞ ሁለት ዓመት በከተማዪቱ ተመዝግቦ መኖር ያስፈልጋል። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለመጣ ሰው ደግሞ በሩ የተከፈተው ገና በ2006 ነው፤ እርሱም የረጅም ጊዜ የመኖሪያ ፈቃድ ላለው ወይም በስደተኛነት ለታወቀ ነው። ሕጉ ምክንያት የለውም አይባልም፤ ሁለት ሚሊዮን ሕዝብ በያዘች ከተማ ወረፋ አለ፤ ወረፋም መነሻ ይፈልጋል። እነዚያን ሁለት ዓመታት ግን ይህ ሰው የሚያሳልፋቸው በግል አከራይ ቤት፣ ሦስትና አራት ሆኖ በአንድ ክፍል፣ አንዳንዴም አልጋን በፈረቃ እየተኛ ነው። ከአውሮፓ ከተሞች የትኛዋን ትወዳለህ ብለው የሚጠይቁት ሰዎች እርሱን ጠይቀውት አያውቁም።