ከግማሽ መንገድ መመለስ

 

የዛሬው ጥያቄያችን ስለ ተራራ ነው። ሦስት ሆናችሁ ድንጋያማ የበረሃ ተራራ እየወጣችሁ ነው እንበል። ጫፉ ይታያል፤ ቢቀር ግማሽ ሰዓት ነው። ከሦስቱ አንዱ ግን ወሬ ቀንሷል፤ እግሩም ድንጋይ እየመታ ነው። «ደህና ነህ?» ስትሉት «አለሁ» ይላል። ውሃችሁ ከግማሽ በታች ወርዷል። ትቀጥላላችሁ ወይስ ትመለሳላችሁ? ብትመለሱስ ያ ሽንፈት ነው?

ተራራውን በስሙ እንጥራው፤ ለዑምራ ስትሄዱ ብዙዎቻችሁ ልትወጡት የምታስቡት ነውና። ጀበል ሰውር ከመካ በስተደቡብ ይገኛል። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 750 ሜትር ያህል ነው። ለደጋ ልጅ ይህ ቁጥር ያስቃል፤ ደሴ ከተማ ራሷ ከ2400 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣ የለ! ስለዚህ «እኛ ተራራ ለምደናል» እንላለን። የለመድነው ግን ሌላ ተራራ ነው። በወሎ ተራራ ላይ ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው፤ ምንጭ አለ፤ ምንጭ ባይኖር እንኳ አንድ ደጃፍ ቆማችሁ «የአላህ እንግዳ» ብትሉ ውሃ ይዞ የሚወጣ ሰው አይጠፋም። ሰውር ላይ ዛፍ የለም፣ ቤት የለም። ከአናት ያለው ፀሐይ አልበቃ ብሎ ድንጋዩም ከታች ይጋግራል። አቀበቱ ለብዙ ሰው አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል፤ ቁልቁለቱ ደግሞ ጉልበት የሚፈትነው ሰው ከደከመ በኋላ ነው። ጫፍ የደረሰ ሰው የመንገዱን ግማሽ ነው የጨረሰው። ይህን የሚረሳ ብዙ ነው።

የበረሃ ሙቀት ተንኮለኛ ነው። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ላቡ ቆዳችሁ ላይ ሳይቆይ ይተናል፤ ያላባችሁ አይመስላችሁም። በሰኔና በሐምሌ የመካ ሙቀት ከ45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፍባቸው ቀናት አሉ። በእንዲህ ያለ ሙቀት አቀበት የሚወጣ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ሊትርና ከዚያም በላይ ውሃ በላብ ሊያጣ ይችላል። ጥማቱ ደግሞ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ሌላ ነው። ሙቀት ሰውን ሲጥል ከሚያደክማቸው ነገሮች አንዱ ማመዛዘኛው ነው። ሰውየው ይደናገራል፣ ይነጫነጫል፣ «ምንም አልሆንኩም» ብሎ ይከራከራል። «ልመለስ ወይስ ልቀጥል» ብሎ መወሰን ያለበት አእምሮ ራሱ ታሟል ማለት ነው።

ለዚህም ነው መንገዱን የሚያውቁ ሰዎች ውሳኔውን ተራራው ግርጌ ላይ የሚጨርሱት። ከፈጅር ሶላት በኋላ ሳይነሱ በፊት «ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን የትም ብንደርስ እንመለሳለን፤ ውሃው ግማሽ ከሆነም እንመለሳለን» ብለው ይስማማሉ። ላይ ሲደርሱ ክርክር የለም። መድረሳ ውስጥ ስለ ኒያ ስንማር ለምን ከሥራው በፊት እንደሚቀድም እንጠይቅ ነበር። አንዱ መልስ እዚህ ተራራ ላይ ያለ ይመስለኛል፤ በሥራው መሐል ያለው «እኔ» ሁልጊዜ የሚታመን አይደለም።

ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቅን ለምን አንመለስም? እውነቱን እንነጋገር። እናፍራለን። ጓደኞቻችን ምን ይሉናል? ፎቶውስ? «እስከ ጫፍ ወጣሁ» ብሎ መለጠፍ እና «ግማሽ ላይ ደክሞኝ ተመለስኩ» ብሎ መለጠፍ እኩል አይደሉም። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። ግን ነፍስ ብልጥ ናት፤ ኩራቷን የኢማን ልብስ ታለብሰዋለች። «ተወኩል የለህም እንዴ? ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የወጡትን ተራራ?» ትላለች። ዑለማዎች ሰውርንም ሆነ የሂራን ዋሻ መውጣት የሐጅም የዑምራም ክፍል እንዳልሆነ ሲነግሩን ኖረዋል። አላህ ግዴታ ያላደረገውን አቀበት በደከመ ጓደኛችሁ ላይ ግዴታ ያደረገው ማን ነው?

ደግሞስ በዚያ ተራራ ላይ የሆነውን እናስታውስ። በ622 የሂጅራ ጊዜ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) እና አቡበክር (ረ.ዐ) እዚያ ሦስት ሌሊት የቆዩት ጫፍ ለመርገጥ አልነበረም። መዲና በስተሰሜን ሆና ሳለ ወደ ደቡብ ነው የሄዱት፤ ፈላጊው በሰሜን ይፈልጋልና። የአቡበክር ልጅ ዐብዱላህ ማታ ማታ ወሬ ያመጣል። ዓሚር ኢብኑ ፉሀይራ በጎቹን እያሰማራ ወተት ያደርሳል። መንገድ መሪው በክፍያ የተቀጠረ፣ ያኔ የቁረይሾችን ሃይማኖት የሚከተል ሰው ነበር፤ የተመረጠው መንገድ ስለሚያውቅና ስለሚታመን ነው። ከፍጡር ሁሉ ተወኩሉ የበለጠው ሰው ስንቁን፣ ሰዓቱን፣ መሪውን እንዲህ አድርጎ ነው ያዘጋጀው። ያለ በቂ ውሃ ወጥቶ «ተወከልኩ» ማለት ከየት የተማርነው ነው?

ስለ ኀፍረቱ ደግሞ አንድ ታሪክ ሁልጊዜ ይገርመኛል። በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ (630) በረመዳን ነው። ሙስሊሞች መካን ለመክፈት በበረሃው እየተጓዙ ነው፤ ጾመዋልም። ኩራዕ አልገሚም የሚባለው ቦታ ሲደርሱ ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጾሙ ሰዉን እንደከበደው፣ ሰዉም እርሳቸው የሚያደርጉትን እየጠበቀ እንደሆነ ተነገራቸው። ከዐስር በኋላ ውሃ አስመጡ። ሰው ሁሉ እስኪያያቸው ድረስ ዕቃውን ከፍ አደረጉትና ጠጡ። ከዚያ በኋላም አንዳንዶች እንደጾሙ መቀጠላቸው ሲነገራቸው አላደነቋቸውም፤ አመጸኞች ናቸው አሉ።

ዕቃውን ከፍ ማድረጋቸውን ልብ በሉ። ተደብቀው መጠጣት ይችሉ ነበር፤ «የደከመው ይፍታ» ብለው መፍቀድም ይችሉ ነበር። እንዲህ ቢሆን ግን ደካማው ብቻውን ይጠጣል፤ ብቻውንም ያፍራል። መሪው ቀድሞ በአደባባይ ሲጠጣ ግን የሚያፍር አይኖርም። ተራራ ላይ ከመካከላችሁ በጣም ጠንካራው ማን ነው? «እኔ ደክሞኛል፣ እንቀመጥ» የሚለውን ቃል መጀመሪያ ማውጣት ያለበት እሱ ነው። ያ «አለሁ» እያለ የሚንገዳገደው ልጅ መቼም አይናገረውም።

ከዑምራ የተመለሰ አንድ ወጣት ይህን ስነግረው እንዲህ አለኝ፦ «ኡስታዝ፣ እርስዎ ይቀልድዎታል። እኔ ለዚያ ጉዞ ስንት ጊዜ ቆጥቤ ነው። ዳግም ላልሄድ እችላለሁ። ጫፉን እያየሁ እንዴት ልመለስ?» ይህን ጥያቄ ማቃለል አልፈልግም። «ተራራው የትም አይሄድም» የሚለው ማጽናኛ ግማሽ እውነት ነው፤ ተራራው ባይሄድም እኛ እንሄዳለንና። መመለስ አንዳንዴ በእርግጥ ማጣት ነው።

ይህን ሕመም ከሶሐቦች በላይ የቀመሰው የለም። በ6ኛው ዓመተ ሂጅራ (628) 1400 ያህል ሆነው፣ ኢሕራም ለብሰው፣ የሚሠዉትን ግመል እየነዱ መጡ። መካ ቅርብ ነበረች። ሑደይቢያ ላይ ቁረይሾች አገዷቸው፤ ስምምነቱም «ዘንድሮ ተመለሱ፣ ለከርሞ ትመጣላችሁ» የሚል ሆነ። ዑመር (ረ.ዐ) «እኛ በእውነት ላይ አይደለንምን?» እያለ ጠየቀ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) «ተነሱ፣ እረዱ፣ ተላጩ» ብለው ሦስት ጊዜ ሲናገሩ የተነሳ ሰው አልነበረም። እነዚያ ነፍሳቸውን ለመስጠት ያላመነቱ ሰዎች ከመመለስ መሞት ይቀላቸው ነበር። መፍትሔውን ያገኘችው እናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ነች፦ ማንንም ሳያናግሩ ይውጡና የራስዎን ይረዱ፣ ይላጩ አለቻቸው። እንዲሁ አደረጉ። ሰዉም ሲያይ ተነሳ። እዚህም መጀመሪያ የተመለሰው መሪው ነው።

ለከርሞ፣ በ7ኛው ዓመት፣ ዑምራው ተደረገ። ግን ሁሉም አልደረሱበትም። ከሑደይቢያ ከተመለሱት መካከል በወራት ውስጥ ኸይበር ላይ ሸሂድ የሆኑ ነበሩ። የእነርሱ «ለከርሞ» አልመጣም። ያ ወጣት የፈራው ነገር በእነርሱ ላይ በእርግጥ ደርሷል። ስለ እነርሱና ስለ ጓደኞቻቸው ግን አላህ ከዛፉ ሥር ቃል ኪዳን የገቡትን እንደወደደላቸው የሚናገረው ሱረቱል ፈትሕ ወርዷል። የወረደውም ጉዟቸው ሳይሳካ ወደ መዲና እየተመለሱ ሳሉ፣ መንገድ ላይ ነው።