ከደጅ የቀረው ወንድማችን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን! የዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት መፃጉዕ ይባላል። በዚህ ዕለት 38 ዓመት በደዌ የተያዘውን ሰው እናስባለን (ዮሐ. 5፥1-15)። ጌታችን መዳን ይፈልግ እንደሆነ ሲጠይቀው፣ ሰውየው ስለ ሕመሙ አላወራም፤ ውኃው ሲናወጥ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ነው የነገረው። ታዲያ ዛሬ በእኛ መካከል ሰው ያጣ ማን ነው?

ዲላንና የጌዴኦን አገር እንመልከት። አገሩ ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ የጾሙ ወራትም የበልጉ ዝናብ የሚገባበት ነው። ከአስፋልቱ ወጣ ሲሉ ጭቃ ነው። በእግሩ የሚሄደው ጫማውን ጠርጎ ያልፋል። በተሽከርካሪ ወንበር፣ ማለትም በዊልቸር የሚሄደው ግን ጎማውን የሚያዞረው በእጁ ስለሆነ ጭቃው መዳፉ ላይ ነው። እንደዚያም ለፍቶ ቢደርስ ደረጃ ይጠብቀዋል። ጭቃውን ዝናብ አመጣው እንበል፤ ደረጃውን የሠራነው ግን እኛ ነን።

ከደረጃው ይልቅ የሚከፋው ደግሞ አስተያየታችን ነው። ሊያስቀድስ የመጣውን ሰው ለማኝ መስሎን ጭኑ ላይ ሳንቲም እንጥላለን። እሱ እየሰማ፣ ወንበሩን የሚገፋለትን «ምን ፈልጎ ነው?» እንላለን። ሳናስፈቅደው ወንበሩን ይዘን እንገፋለን። ወንበሩ እኮ እግሩ ነው! የሰው እግር ሳይጠየቅ ይያዛል?

ምጽዋት መልካም ነው፤ ጾምም ያለ ምጽዋት ሙሉ አይሆንም። ነገር ግን ወንድማችንን ከደጅ አስቀርተን ሳንቲም ብንሰጠው የሚገባውን ቦታ እንደ ሰጠነው አይቆጠርም።

«ይህ እርግማን ነው፤ እግዚአብሔር ሲምረው ይገባል» የሚልም አይጠፋም። የዮናታን ልጅ ሜምፊቦስቴ በ5 ዓመቱ ሞግዚቱ ይዛው ስትሸሽ ወድቆ ነው ሽባ የሆነው። ምን በደለ? ንጉሥ ዳዊትም እንደ ልጆቹ ከማዕዱ እንዲበላ አደረገው (2ሳሙ. 9)። እግሩ አልዳነም፤ ቦታው ግን ተሰጠው።

በቅፍርናሆም ደግሞ አራት ሰዎች ሽባውን ተሸክመው መጡ፤ በሩ በሰው ቢዘጋባቸው ጣሪያውን ከፈቱ (ማር. 2፥1-12)። ጌታም ስለ ጣሪያው አልተቆጣም፤ እምነታቸውን አየ። ለአንድ ሰው ጣሪያ ከተነሣ፣ ለእኛ አንድ ደረጃ ማስተካከል ይከብደናል?

የአገራችንም ሕግ ይህን አዝዟል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ዊልቸር ለሚጠቀሙ የሚሆን መግቢያ እንዲኖራቸው ደነገገ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ ስለ አካል ጉዳተኞች መብት የወጣውን ዓለም አቀፍ ስምምነት አጸደቀች። ወረቀቱ ግን ድንጋይ አይጠርብም፤ የሚጠርበው የእኛ እጅ ነው።

ስለዚህ በዚህ ጾም በየሰበካችን እንመካከር። ከደረጃው ጎን ዊልቸር የሚያስወጣ ተዳፋት መንገድ ይሠራ። የጽዋ ማኅበራችን በማን ቤት፣ በየትኛው መንገድ እንደሚሆን ስንወስን እነሱንም እንጠይቅ። «ጫማ የሚወለቅበት ቦታ ጎማው ጭቃ ይዞ እንዴት ይገባል?» የሚል ካለ፣ እርጥብ ጨርቅ ይዞ ጎማውን ይጥረግለት። ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበው እኛም እንዲሁ እንድናደርግ ነውና።

ለመፃጉዕ የደረሰ አምላክ ለወንድማችን የምንደርስ ሰዎች ያድርገን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።